የግድግዳው ይመር

በማንችስተር ሙታን ሥራ የሚገቡት ከሕያዋን ቀድመው ነው። ጭጋጉ ከቦዩ ላይ ሳይነሳ የአንኮትስ ሰፈር ግድግዳዎች ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። በቀይ ጡብ በተሠራው የድሮ ፈትል ፋብሪካ ጥግ ላይ አንዲት ፈታይ ስለ ልጅነቷ ታወራለች። ከድልድዩ ሥር አንድ ጀልባ ጎታች ስለ ድንጋይ ከሰል ይናገራል። አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ደግሞ በዘመኑ በረጅም ዘንግ መስኮት እያንኳኳ ሠራተኛ ይቀሰቅስ የነበረ ሰው አለ፤ ዛሬ የሚቀሰቅሰው ባይኖርም «ተነሡ፣ ረፍዷል» ይላል። ጎብኚዎች እስኪመጡ ድረስ እንዲህ እያሉ ለባዶ መንገድ ያወራሉ።

ስንዱ ይመር በየቀኑ ወደ ሥራ የምትሄደው በዚህ መንገድ ነው። ፋብሪካው በር ላይ ስትደርስ የሞተው አባቷ ሰላም ይላታል።

«እንደምን አደራችሁ። ይመር እባላለሁ። ከኮምቦልቻ መጥቼ እዚህ ሕንፃ ውስጥ ሠርቻለሁ። ደስ ብሎኝ ነው የሠራሁት። የጮኸብኝ ሰው የለም፤ እኔም በማንም ላይ አልጮኽኩም።»

ድምፁ የራሱ ነው። ከመናገሩ በፊት የሚያሰማት ትንሽ ሳል እንኳ አልቀረችም። አባቷ በሕይወቱ «ደስ ብሎኛል» ሲል የሰማ ሰው ካለ ግን ስንዱ ልታገኘው ትፈልጋለች። ወደ ሌላ በር የሚያዞር መንገድ ስለሌለ አንገቷን ደፍታ ታልፈዋለች።

ኩባንያው (ስሙን አልጽፈውም፤ በየግድግዳው ላይ ስላለ ከእኔ ተጨማሪ ማስታወቂያ አያስፈልገውም) እነዚህን ድምፆች የመዘገባቸው በሠራተኛነት ነው። ወደ ከተማዋ ሲገባ ከሚቀጥራቸው ውስጥ አብዛኞቹ የአካባቢው ሰዎች እንዲሆኑ ቃል ገብቶ ነበር። ሙታን ደግሞ ከማንም በላይ የአካባቢው ሰዎች ናቸው፤ የትም አይሄዱም። በዚህ መንገድ በአንኮትስ ሥራ አጥነት ጠፍቷል። የኩባንያው ሰዎች ይህን ሲናገሩ አይስቁም።

ማንችስተርን አብዛኛው የአገራችን ሰው የሚያውቃት በሁለት የኳስ ክለቦች ነው። ከኳሱ በፊት ግን ጥጥ ነበር። ውቅያኖስ ማዶ በባርነት የተያዙ ሰዎች የለቀሙት ጥጥ እዚህ ይፈተል ነበር፤ ልጆች በሚሽከረከር ማሽን ሥር እየተሳቡ ብናኝ ይጠርጉ ነበር። ድምፅ የመስጠት መብት እንፈልጋለን ብሎ ሜዳ ላይ የወጣውን ሕዝብ ፈረሰኞች በሰይፍ በትነውታል። ከዚያ ማሽኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ፣ ፋብሪካዎቹ የሀብታም መኖሪያ ሆኑ፣ ሀብታሞቹ ሲሰለቻቸው ደግሞ ምድር ቤቶቹን የሚያስቡና የሚናገሩ ማሽኖች ሞሏቸው። በመጨረሻ ከተማዋ ሌላ የሚሸጥ ነገር ስታጣ ያለፈ ታሪኳን አወጣች፤ ኩባንያውም ገዛት። አሁን ግድግዳውን ስለ ጥጥ ብትጠይቁት «በመርከብ ይመጣ ነበር» ይላችኋል። ማን ለቀመው ብትሉት «ብዙ እጆች» ይላል። ስለ ሜዳውም ብትጠይቁት ያን ቀን መጠነኛ መጨናነቅ እንደነበረ ይነግራችኋል።

ስንዱ የምትሠራው ከዚያው ሕንፃ ሥር ነው። ግድግዳዎቹን የሚያናግሩት ማሽኖች ምድር ቤት ናቸው፤ ሌት ተቀን ይግላሉ። ከቦዩ የሚሳብ ውሃና አንድ የማይሸት ጋዝ በቧንቧ እየዞሩ ያቀዘቅዟቸዋል። ቧንቧዎቹን እየዞረ የሚጠብቅ ደግሞ ሰው ነው፤ ሰው ከሮቦት ይረክሳል። አባቷም የሠራው እዚያው ነበር። ባጭሩ የስንዱ ሥራ በአባቷ አፍ የሚነገረውን ውሸት ማቀዝቀዝ ነው።

እውነተኛው ይመር አላምረው ቁጡ ሰው ነበር። ቁጣው ድንገት መጥቶ የሚሄድ ዓይነት አልነበረም፤ ጠዋት እንደ ሥራ ልብሱ ለብሶት ይወጣል፣ ማታ አብሮት ይገባል። አውቶቡስ ሲዘገይ ከአውቶቡሱ ጋር ይጣላል። አንድ ጊዜ ሰርግ ተጠርቶ፣ ሙዚቀኞቹ ሳይበሉ ለምን እንግዳ ይበላል ብሎ ሳህኑን አስቀምጦ ወጥቷል። እድር ውስጥ ደግሞ ድንኳን ሲተከል ገመዱን የሚያስረው ሁልጊዜ አንድ ሰው የሚሆነው ለምንድነው ብሎ ሙሉ እሑድ ተከራክሯል። ሚስቱ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «ይመር ገነት ቢገባ ወንበር አነሰ ብሎ ይጣላል» ትል ነበር።

ካለም የሚባል እንግሊዛዊ ወጣት አብሮት ይሠራ ነበር፤ የጎረቤታቸው የእማማ ጄድ አንድ ልጅ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ይቀየራል ሲባል የከረመ ቧንቧ ፈነዳ። ካለም ጭምብሉን አድርጎ ነበር፤ ቧንቧው የፈነዳው ግን ፊቱ ላይ ስለነበር ጭምብሉ አላዳነውም። ወደቀ፣ እዚያው ሞተ። ይመር ማሽኖቹ ይቁሙ ብሎ ጮኸ። ተቆጣጣሪው ዛሬ የከተማው በዓል ነው፣ ጎብኚ ሞልቷል፣ ግድግዳዎቹ ዝም ማለት አይችሉም፣ አስከሬኑን በኋላ እናነሳዋለን አለ። ይመር ሄዶ ዋናውን ቫልቭ ዘጋው። የከተማዋ ግድግዳ እኩሌታው ዝም አለ። ከዚያ የገዛ ጭምብሉን ለወደቀ ሌላ ሠራተኛ አድርጎለት፣ ካለምን በትከሻው ተሸክሞ ደረጃውን ወጣ።

ከሥራ ተባረረ። ሳንባው ከዚያ ቀን በኋላ አልዳነም፤ ጥቂት ዓመት ሲያስል ኖሮ አረፈ።

ካለም በአገሩ ልማድ ተቃጥሎ አመዱ ቦዩ ውስጥ ተበተነ። ሽኝቱ ላይ የተገኙት እናቱ፣ ይመርና ሰዓቱን የሚያይ አንድ የቢሮ ሰው ነበሩ። ይመር በዚህም ተቆጣ፤ ሰው እንዲህ አይሸኝም አለ። በሚቀጥለው እሑድ እማማ ጄድን ይዟቸው እድሩ ስብሰባ ላይ ቀረበ። እድርተኛው አንገራገረ፣ ይመር ጮኸ፣ እማማ ጄድ ገቡ። ኋላ እንደተናገሩት የእሳቸውም ቅድመ አያቶች፣ ሸማኔዎቹ፣ ሲሞቱ የሚሸኛቸው የቀብር ማኅበር ነበራቸው፤ ጠፍቶ ነው እንጂ ለማንችስተር አዲስ ነገር አልነበረም። እሳቸውን ተከትለው ቤንጋሊዎቹም ጃማይካውያኑም ገቡ። ዛሬ በአንኮትስ ምድር ቤቶች ቧንቧ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ የዚያ እድር አባል ነው።

ግድግዳው የሚያወራው ውሸት ሥሩ ይመር በተቀበረ ዕለት የተሠራ ጥፋት ነው። ጥፋቱም የእኛ ሰው ብቻ ሊያጠፋው የሚችለው ዓይነት ነው።

የእድሩ ጸሐፊ ጋሽ ልሳነወርቅ ናቸው፤ የቀድሞ መምህር፣ መነጽራቸውን ለንባብ ብቻ የሚያደርጉ። የአባል የሕይወት ታሪክ የሚጽፉትም የሚያነቡትም እሳቸው ናቸው። በጋሽ ልሳነወርቅ ብዕር ሰካራም አይሞትም፣ ንፉግም አይሞትም፤ ሁሉም ለሰው አዛኝ ሆኖ ነው የሚቀበረው። ይመር መቃብር ላይም ቆመው፣ አቶ ይመር ከሰው ጋር ተግባቢ፣ ትዕግሥተኛ፣ በሥራቸው በአለቆቻቸው የተመሰገኑ፣ ክፉ ቃል ከአፋቸው የማይወጣ እንደነበሩ አነበቡ። ለቀስተኛው እያለቀሰ በልቡ ፈገግ አለ። ስንዱም ራሷን ነቀነቀች። ማንም አልዋሸም፤ እንዲህ ነው የሚባለው።

ሕጉን ግን ያሰበው አልነበረም። ግድግዳዎቹ መናገር ሲጀምሩ ወራሾች በፍርድ ቤት ተናንቀው ነበር፤ አንዱ አያቴ ጀግና ነው ሲል ሌላው ሌባ ነው እያለ። በዚህ የተነሳ «የመቃብር ቃል» የሚባል ሕግ ወጣ። በሟች መቃብር ላይ፣ በወገኑ ፊት፣ ስለ እሱ በአደባባይ የተነገረ ቃል የታመነ ምስክርነት ነው። በየመቃብር ቦታው በር ላይ መዝጋቢ የሚሉት ዘንግ ተተከለ፤ ቃሉን ሰምቶ ሲቀበል አረንጓዴ ያበራል። ያን ዕለትም አብርቶ ነበር። ጋሽ ልሳነወርቅ የጌጥ መብራት መስሏቸው ነበር።

ይህን ያህል ዓመት ስንዱ ችላው ኖረች። ዘንድሮ ጸደይ ላይ ግን ኩባንያው ግድግዳውን አደሰው። አባቷ ከሰላምታው ቀጥሎ ስለ አደጋው ቀን መናገር ጀመረ። ካለም ጭምብሉን ሳያደርግ እንደገባ፣ በዚህም እንደሞተ፤ እሱም በድንጋጤ ተሳስቶ ቫልቭ እንደዘጋና ኩባንያውን ይቅርታ እንደጠየቀ፣ በዚያ በለሰለሰ ድምፅ ያወራል። ማሽኑ ከአእምሮው አልፈጠረውም። ትዕግሥተኛ፣ ተግባቢ፣ በአለቆቹ የተመሰገነ ሰው በዚያ ቀን ምን ያደርጋል ብሎ አስልቶ ነው የደረሰበት።

እማማ ጄድ ዳቦ የሚገዙት በዚያ በር አልፈው ነው። ያን ጠዋት ቆመው እስከ መጨረሻው ሰሙት። በማግስቱ ስንዱ ደረጃው ላይ አግኝታቸው እንደ ወትሮው ልትስማቸው ስትጠጋ ፊታቸውን አዞሩ። ስንዱ ሥራ ገብታ ቧንቧ ሥር ቁጭ ብላ ቀን ቆጠረች። የሰባተኛ ዓመቱ ተዝካር እየደረሰ ነበር፤ ከዚያ በፊት የአባቷን አፍ ከዚያ ውሸት ማውጣት አለባት። ካለዚያ ካለም ሁለተኛ ይሞታል፤ ገዳዩም አባቷ ይሆናል።

የኩባንያው አቤቱታ ቢሮ ውስጥ ፍሎራ የምትባል ለስላሳ ወጣት አለች። ውሃ አቀረበችላት፣ አንገቷን ዘመም አድርጋ ሰማቻት። ስንዱ እማማ ጄድ የልጃቸውን ጭምብል እስከ ዛሬ መሳቢያ ውስጥ እንዳስቀመጡት ነገረቻት። ፍሎራ አሮጌ ጭምብል ማንም ሰው ቤት እንደሚገኝ በትሕትና መለሰች።

«የልጅ አስተያየት ስሜት ነው፤ ስሜትሽን እናከብራለን» አለቻት። «መቃብር ላይ የተነገረው ግን ማስረጃ ነው። ቃሉን የሰጡት ሰዎች ራሳቸው እዚያው ቆመው ካረሙት እኛም ወዲያው እናርማለን።»

ስንዱ ውሃውን ሳትነካ ወጣች።

ጋሽ ልሳነወርቅ ቤት ስትደርስ ከሰላምታም አልቆየችም፤ በተዝካሩ ቀን መቃብሩ ላይ ቆመው እውነቱን እንዲያነቡ ጠየቀቻቸው። ደነገጡ። ይህን ያህል ሰው ሸኝተው በአንዱም ላይ ክፉ እንዳልተናገሩ፣ በእርጅናቸው ከዚህ ልማድ እንደማይወጡ ነገሯት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም አሉ።

«ሙት ወቃሽ አታድርጊኝ፣ ልጄ።»

«ቁጡ ነበር ማለት ወቀሳ ነው እንዴ፣ ጋሽ ልሳነወርቅ?»

«እኔ በክብር ሸኘሁት።»

«የሸኙት ሌላ ሰው ነው። ተግባቢ፣ ትዕግሥተኛ፣ አለቃ የሚወደው አንድ ሰው ቀብረው መጡ። የእኔን አባት በር ላይ አቁመውት የሰው ልጅ ስም እያጠፋ ነው። ይሂዱና ይስሙት።»

በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌው ከዘራቸውን ይዘው ብቻቸውን ሄዱ። ቆመው ሰሙ። ትዕግሥተኛ የሚለውን ቃል፣ ክፉ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም የሚለውን፣ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር አወቁት፤ የራሳቸው እጅ ነው። ደግመው ሰሙ። ጠባቂው ወንበር ላምጣልዎ ወይ ቢላቸው በእጃቸው ከለከሉት። ቤት ገብተው መነጽራቸውን አደረጉ።

የተዝካሩ ቀን ዝናብ ያካፋ ነበር። እድርተኛው በሙሉ መጣ፤ እማማ ጄድም መጡ፣ ግን ከኋላ ቆሙ። ጋሽ ልሳነወርቅ ወረቀቱን በጃንጥላ ሥር ዘረጉ፣ ድምፃቸውም እንደ ድሮው የሚያንቆረቁር አልነበረም።

«አቶ ይመር አላምረው ቁጡ ሰው ነበር። ከእኔ ጋር ብዙ ተጣልቷል። ከተጣላንበት ነገር ውስጥ እሱ የተሳሳተበትን አንድ እንኳ ለማስታወስ ሞክሬ አልመጣልኝም። ካለም ጭምብሉን አድርጎ ነበር፤ የገደለው ያረጀ ቧንቧ ነው። ይመር ቫልቩን የዘጋው ተሳስቶ አይደለም፣ ይቅርታም አልጠየቀም። ከሰባት ዓመት በፊት እዚህ ቆሜ የተናገርኩት ለሰሚ እንዲጥም ነበር። ዛሬ አንስቼዋለሁ።»

መዝጋቢው አረንጓዴ አበራ። እማማ ጄድ ከኋላ መጥተው የስንዱን እጅ ያዙ። ስንዱ ከብዙ ወራት በኋላ ያን ሌሊት ተኛች።

ኩባንያው ቃሉን ጠበቀ። በሳምንቱ ግድግዳው ተለወጠ። ስንዱ ገና ድልድዩ ላይ ሳለች የሰው ሳቅ ሰማች። በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። «ቁጡው ይመር» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል፣ ከሥሩ ቀይ ቁልፍ ተደርጓል። አንድ ሕፃን አባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ቁልፉን ሲጫን ይመር ጮኸ።

«ቁሙ! ወረፋ የጣሰው ማነው? እዚህ ሰው ይከበራል!»

ሕዝቡ ሳቀ። ሕፃኑ ደግሞ ተጫነ፣ ይመር ደግሞ ጮኸ። ቁጣው እውነተኛ ነበር፤ ቃላቱም የእሱ ናቸው። አባቷ ሕይወቱን ሙሉ የከፈለበት ነገር ለሕፃን መጫወቻ ሆነ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ሌላ ሰው ስለ አደጋው ሲጠይቀው የመለሰው ከሁሉ ባሰ። «ካለም! ጭምብልህን አድርግ ብዬ ስንቴ ነገርኩህ?» ብሎ ተቆጣ፤ እዚህም ላይ ሳቁ።

ስንዱ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳትለብስ ፍሎራ ጋ ገባች። ፍሎራ ጎብኚ በእጥፍ መጨመሩን በደስታ ነገረቻት። የካለምን ነገር በተመለከተ ግን፣ መቃብሩ የይመር ነው አለች። ሽማግሌው ስለ ይመር ጠባይ የተናገሩት ተቀባይነት አግኝቷል፤ ስለ ካለም የተናገሩት ግን በካለም መቃብር ላይ አልተነገረም። ካለም መቃብር የለውም። ሕግ ነው እንጂ እሷስ በግሏ ታዝናለች።

እማማ ጄድ ፋብሪካው ፊት ለፊት ዝናብ ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ስንዱ ሁሉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ ብላ ልትናገር አፏን ስትከፍት እሳቸው ቀደሟት።

«ይሄ ሰው ደክሞታል» አሉ ግድግዳውን እያዩ። «ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላረፈም። እኔ ልጅ ሳለሁ ሰው ሲሞት ቢያንስ ሥራ ያቆም ነበር።»

ስንዱ ይህን ይዛ ነው እሑድ ስብሰባ የገባችው። ተራዋ ሲደርስ ጋሽ ልሳነወርቅን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻቸው፤ አባል ሲሞት ደንቡ ምን ይላል? ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው ደንቡን በቃላቸው አሉት። ጥሩምባ ይነፋል። የሰማ ሁሉ የያዘውን ሥራ ጥሎ ይመጣል። ድንኳን ይተከላል፣ አስከሬን እስኪወጣ ማንም አይነሳም። የቀብር ቀን ዕረፍትም የጥንት ሠራተኞች ተሟግተው ያገኙት፣ እስካሁን ማንም ያልሻረው ሕግ ነው።

«አባቴ የኩባንያው ሠራተኛ ነው» አለች ስንዱ። «ራሳቸው ናቸው የመዘገቡት። ሠራተኛ ደግሞ ይሞታል።»

ማቅማማት ነበር፤ ይህ ቀልድ ነው ያለም፣ ሥራችንን እናጣለን ያለም ነበር። አንዱ ሞቶ ለተቀበረ ሰው ዳግም ልቅሶ መቀመጥ ነውር ነው አለ። ጋሽ ልሳነወርቅ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«እኔ ያስቀበርኩት ሌላ ሰው ነው» አሉ። «ይመር ገና አልተቀበረም። ከሞቱ አሟሟቱ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ሞቶ በቁልፍ ሲጮህ መዋል ግን አልሰማሁም። እጅ ያውጣ የሚቃወም።»

ማንም አላወጣም።

ሰኞ ጠዋት ፈረቃ በሚቀየርበት ሰዓት የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ረፊቅ በአንኮትስ ጎዳና ወጣ። ከቤንጋሊዎቹ አንዱ፣ የሲልሄት አገር ሰው ነው፤ ጥሩምባውን የተማረው ከእኛ ነው፣ ሲነፋ ግን ከእኛም ይበልጣል። መስኮት የሚያንኳኳው ግድግዳ «ተነሡ» ሲል የረፊቅ ጥሩምባ ዋጠው። «አቶ ይመር አላምረው አርፏል! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» አለ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በቤንጋሊኛ፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ። ሰዎች ከምድር ቤቱ አንድ በአንድ ወጡ፣ ጓንታቸውን አውልቀው። ሊገቡ የነበሩትም ከበሩ ተመለሱ። ከሌላው ሰፈር ያሉ የቀብር ማኅበሮች ሰምተው ለቅሶ ሊደርሱ መጡ፤ ለቅሶ ላይ አልደርስም የሚል ሰው የለም።

ድንኳኑ የተተከለው በፋብሪካው ግቢ፣ ከግድግዳው ፊት ለፊት ነው። አግዳሚዎቹ ተደረደሩ። ገመዱን በየተራ አሰሩት። ስንዱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በሟች ቤተሰብ ቦታ ተቀመጠች፣ እማማ ጄድ ከጎኗ። ቀይ ቁልፉን የሚጫን ጎብኚ አልቀረበም፤ ግድግዳው ግን ራሱን እያስታወሰ አልፎ አልፎ ይጮህ ነበር።

ፍሎራ እየሮጠች መጣች። ያን ያህል ለስላሳ አልነበረችም። አቶ ይመር የሞተው ከሰባት ዓመት በፊት መሆኑን ሁሉም ያውቃል አለች።

«ታዲያ ትናንት እዚህ ሲጮህ የዋለው ማነው?» አለቻት ስንዱ።

ፍሎራ ወደ ግድግዳው ዞረች። ልቅሶ ነውና ወንበር ሰጧት፤ ተቀመጠች።

እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ በምድር ቤቱ መስኮት መውጣት ጀመረ። መጀመሪያ ዝም ያለው መስኮት አንኳኳዩ ነው። ፈታይዋ ስለ እናቷ ስታወራ መሃል ላይ ቆመች። ጀልባ ጎታቹ ከሰል የሚለውን ቃል ደጋግሞ ደጋግሞ ተወው። ጥጡ በመርከብ መምጣቱን አቆመ። አንኮትስ ውስጥ ለብዙ ዓመት ያልተሰማ ነገር ተሰማ፤ የቦዩ ውሃ። ከሁሉ ኋላ የቀረው ይመር ነበር።

«ቁሙ!» አለ። «ቁሙ! ቁ...»

ያኔ ስንዱ አለቀሰች። ሰባት ዓመት ስላላለቀሰችው ሁሉ አለቀሰች፤ ድንኳኑ አብሯት አለቀሰ። እማማ ጄድ አለቃቀሱን ከእኛ ከተማሩ ቆይተዋል።

ሰዓት በገፋ ቁጥር ፍሎራ ጆሮዋ ላይ ከሚያናግሯት ሰዎች ጋር ተነጋገረች፣ ተከራከረች፣ ፊቷ ቀላ። በመጨረሻ ልቅሶው መቼ እንደሚያበቃ ጠየቀች።

«አስከሬን ሲወጣ» አለቻት ስንዱ።

ሁለት ባለሙያዎች መጥተው ግድግዳውን ከፈቱ። ውስጡ የይመር ድምፅ ያለባት፣ ዳቦ የምታክል ጥቁር ሣጥን ነበረች። ፍሎራ ሌላ ቅጂ የለም ብላ ማለች። ጋሽ ልሳነወርቅ አላመኗትም፣ ግን አልተጨነቁም።

«ከተናገረ ደግሞ ይሞታል» አሏት። «ጥሩምባው የእኛ ነው።»

ሣጥኗን በጋቢ ጠቅልለው ተሸከሟት። ሰልፉ በቦዩ ዳር ሄደ፣ ዝም ባሉት ግድግዳዎች መካከል። ጉድጓዱ ከይመር መቃብር አጠገብ ተቆፍሮ ነበር፤ ስንዱ ራሷ ሣጥኗን አስገባች። ፍሎራ እስከ በሩ ተከትላ መጥታ መዝጋቢው አጠገብ ቆማለች። ሁሉም ጋሽ ልሳነወርቅን አየ። እሳቸው ግን እጃቸውን ወደ ኪሳቸው አልሰደዱም። ፈቀቅ ብለው ለእማማ ጄድ ቦታ ለቀቁ።

እማማ ጄድ ከቦርሳቸው ያረጀ ጭምብል አወጡ። የላስቲኩ ጠርዝ በጋዝ ተበልቷል፣ ማሰሪያው ከኋላ እስካሁን እንደታሰረ ነው። ጎንበስ ብለው ከሣጥኗ አጠገብ አስቀመጡት። ከዚያ ቀና ብለው ወገናቸውን አዩ፣ እኛን ማለቴ ነው፣ በሩንም አዩ።

«ይሄ የልጄ የካለም መቃብር ነው» አሉ ጮክ ብለው። «ጭምብሉን አድርጎ ነበር። ይኸው። ተሸክሞ ያወጣልኝ ይመር ነው። የገደለው የእናንተ ቧንቧ ነው።»

መዝጋቢው አረንጓዴ አበራ። ፍሎራ አየችው፤ ሁላችንም አየነው። ስንዱ አካፋውን ተቀበለችና አፈሩን መለሰች።